የመንገደኛ ሐቅ



በ2011 ዓ.ም. ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ ሁለት ወር ያህል፣ አንድ ቦርሳ በጀርባዬ አዝዬ በጎረቤታችን በጅቡቲ ምድር ተጉዣለሁ። ጥቂቱን በባቡርና በጭነት መኪና፣ ጥቂቱን በጀልባ፣ የቀረውን በእግሬ ነበር። ያኔ ትዳር አልያዝኩም። የሥራ ውሌ አልቆ ሌላ ሥራ እስክጀምር ድረስ ጊዜ ነበረኝ፤ ባሕርም በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ወዳጆቼ "ለንግድ ነው ወይስ ለዚያራ?" ብለው ሲጠይቁኝ "አገር ለማየት ነው" ስላቸው ይስቁ ነበር። እነሆ ዓመታት አለፉ። ስለዚያ ጉዞ ባሰብኩ ቁጥር ግን ቀድመው የሚታወሱኝ ባሕሩና ተራራው ሳይሆኑ በመንገዱ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ናቸው።

ከለቡ እስከ ዲኪል

እኛ የጀሞ ሰዎች ከባቡሩ ጋር ጎረቤታሞች ነን። የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር መንገደኛ የሚጭንበት የፉሪ-ለቡ ጣቢያ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መስመር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ስለነበር እኔ ስሳፈር ገና አዲስ ነበር። በቦርሳዬ የያዝኩት ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ሽርጥ፣ ስስ ብርድ ልብስ፣ መስገጃ፣ ትንሽ ቁርኣንና እናቴ ያዘጋጀችልኝን በሶ ነበር። እናቴ ስትሸኘኝ፣ "ልጄ፣ ሶላትህን አደራ፤ ውሃም ሳትይዝ ከሰው መንደር እንዳትወጣ" አለችኝ። ሁለቱም ምክሮቿ በየቀኑ አስፈልገውኛል።

ድንበሩን ተሻግሬ በአሊ ሳቢህ ወረድኩና ወደ ዲኪል አመራሁ። ዲኪል የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ወደ ወደቡ ሲሄዱና ሲመለሱ የሚያልፉባት ከተማ ናት። በሻይ ቤቶቿ አፋርኛው፣ ሶማሊኛው፣ ዐረብኛውና ፈረንሳይኛው ከሾፌሮቻችን አማርኛ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል። በአንድ መስጊድ ኢማሙ ሙሳፊር መሆኔን ሲያውቁ ከሶላት በኋላ አጠገባቸው አስቀምጠው የመንገደኛን ሕግ አስታወሱኝ። ባለ አራት ረከዓው ሶላት ወደ ሁለት ዝቅ ይላል፣ መግሪብና ሱብሒ ግን አይቀነሱም። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብንም ከዒሻ ጋር ማጣመር ይቻላል። ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ውሃ የያዘ ሰው ውሃውን ለነፍሱ አቆይቶ በንጹሕ አፈር ተየሙም ያደርጋል። ይህን ሁሉ በልጅነቴ በመድረሳ ተምሬዋለሁ። ሆኖም አምስት ሊትር ውሃ ይዤ በዚያ ድንጋያማ ምድር ላይ ስቆም ነው ዲናችን የመንገደኛን ድካም ምን ያህል እንደሚያውቅ የገባኝ።

ጨውና ውሃ

ከዲኪል ተነሥቼ በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ወደሚገኘው ወደ አቤ ሐይቅ ሄድኩ። ከመሬት እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብለው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉበት፤ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል። እኔን የበለጠ ያስገረመኝ ግን ውሃው ነው። በእኛ ሰፈር በኩል የሚወርደው ወንዝ ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በዚህ ሐይቅ ይቀራል። ከጀሞ የተነሣው ውሃ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ እዚያ ጨዋማ ዳርቻ ላይ ሲቆም አየሁት።

ቀጥሎ የሄድኩት ወደ አሳል ሐይቅ ነበር። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካ ከዚህ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። ጨዋማነቱ የባሕርን ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ከጎኑ ያለው የጉቤት ባሕረ ሰላጤ ውሃ በእሳተ ገሞራው አለት ሥር ሰርጎ ይገባበታል፤ ፀሐይዋ ውሃውን ስትወስደው ጨው ይቀራል። አያቶቻችን በደጋ አገር ይቀምሱት ከነበረው ጨው ከፊሉ በአፋር ቅፍለቶች ግመል ተጭኖ የሚወጣው ከዚህ ነበር።

ወደ ታጁራ በሚወስደው መንገድ ዳር ዕረፍት ላይ ሳለሁ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ባለ ቢጫ የዘይት ጀሪካናቸውን በገመድ አንግተዋል፣ እግራቸው ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው። ገሚሶቹ ከወሎ፣ የቀሩት ከጅማና ከአርሲ የመጡ ናቸው። ትንሹ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"ወንድሜ፣ ኦቦክ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" አለኝ አንዱ።

ደላላው "ቅርብ ነው" ብሏቸው ነበር። ከዚያ እስከ ታጁራ ራሱ ረጅም መንገድ ነው፤ ከታጁራ እስከ ኦቦክ ደግሞ ሌላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ነገርኳቸው። ማንም አልመለሰልኝም። በሶውን በውሃ በጥብጠን አብረን ጠጣን፣ ዙህርና ዐስርን አጣምረን በጀመዓ ሰገድን። ከዚያ እነርሱ ቀጠሉ። እኔ አንድ የጭነት መኪና አግኝቼ ተሳፈርኩ፤ ሾፌሩ እነርሱን ግን ለመጫን ፈቃደኛ አልሆነም። በመስኮት አልፌያቸው ስሄድ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ሰባት መስጊድ ያላት ከተማ

ታጁራ ግድግዳዎቿ ነጭ የተቀቡ፣ ጀርባዋን ለተራራ ፊቷን ለባሕር የሰጠች ጥንታዊት ከተማ ናት። በሰባት መስጊዶቿ ትታወቃለች፤ የአፋር ሱልጣኖች መቀመጫም ናት። ከዚህች ወደብ ወደ ሸዋ የሚሄደው የቅፍለት መንገድ የቆየ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ አንኮበር የተነሣው ከዚህ ነበር። ወደ ውጭ ከሚወጣው ዕቃ ጋር በባርነት የተሸጡ የደጋ አገር ልጆችም በዚሁ መንገድ ወርደዋል። መንገዱ የእኛን ልጆች ሲያሳልፍ የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም።

በዚያች ከተማ ያስተናገዱኝ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በአሰብ ወደብ ሲሠሩ አማርኛ ተምረዋል። መስጊድ ውስጥ ቦርሳዬን አይተው "መንገደኛ ነህ?" አሉና ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሦስት ቀን አሳደሩኝ። የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ፣ ማታ ማታም ሻይ ይቀርብልኝ ነበር። ላመሰግናቸው ስጀምር አቋረጡኝ። የእንግዳ ሐቅ ሦስት ቀን መሆኑን አስታውሰው፣ "ሐቅህን ነው የበላኸው፤ ለሐቅ ደግሞ ምስጋና የለውም" አሉኝ።

በሁለተኛው ምሽት ባለቤታቸው አንድ ጀሪካን ውሃና በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ ከግቢው ውጭ ግድግዳው ሥር ሲያስቀምጡ አየሁ።

"አባቴ፣ ይህ ለማን ነው?" አልኳቸው።

"ለሚያልፈው" አሉ። "የናንተ አገር ልጆች በሌሊት ነው የሚሄዱት። አንኳኩተው መለመን ያፍራሉ፤ ደግሞም ይፈራሉ። ስለዚህ ውጭ እናስቀምጥላቸዋለን።"

ያገኘኋቸውን አሥራ አንድ ልጆች ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ "አንተም መንገደኛ ነህ፣ እነርሱም መንገደኞች ናቸው። ያንተ ቦርሳ ስለሚያምር ቤት ገባህ" አሉ።

ውድ አንባብያን፣ በሱረቱ-ተውባ ከተዘረዘሩት ስምንቱ የዘካ ባለመብቶች መካከል የመጨረሻው ኢብኑ ሰቢል ማለትም መንገደኛው ነው። ዑለማዎች እንዳብራሩት በአገሩ ሀብት ያለው ሰው እንኳ በመንገድ ላይ ስንቁ ካለቀበት ወደ አገሩ የሚያደርሰውን ያህል ይሰጠዋል። እንግዲህ ከነጭራሹ ምንም የሌለው፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ወደ ፊት ለመሄድም ወደ ኋላ ለመመለስም ጉልበት ያጣ ልጅ ምን ያህል ሐቅ ይኖረው ይሆን? ያች እናት ግድግዳው ሥር ያስቀመጡት ውሃ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ነበር።

ኦቦክ

ኦቦክ ፈረንሳዮች በ1862 እ.ኤ.አ. በውል የያዟትና የቅኝ ግዛታቸው መነሻ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ሰሜን ባሕሩ እየጠበበ ይሄድና ባብ አል-መንደብ ይደርሳል፤ ትርጉሙ የዕንባ በር ማለት ነው። በጠባቡ ቦታ ከየመን የሚለየን ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በኦቦክ ያየሁት ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። ከከተማዋ አጠገብ መርከዚ የሚባል ሰፈር አለ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የየመን ጦርነት ሲፋፋም ባሕር አቋርጠው የመጡ የመናውያን የተጠለሉበት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በግራር ሥር የእኛ ልጆች ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ጀልባ ይጠባበቃሉ። አንዱ ከሚሸሸው አገር ሌላው እየከፈለ ይሄዳል!

ከየመን የተመለሰ አንድ የወሎ ወጣት በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ማእከል ወደ አገሩ የሚሄድበትን ቀን ሲጠብቅ አግኝቼዋለሁ። ከጀልባ እንደወረዱ የያዟቸው ሰዎች ስልክ ሰጥተው፣ እየደበደቡ ወደ ቤት አስደውለውታል። "አባቴ ሁለቱንም በሬዎች ሸጦ ላከ" አለኝ። "አሁን ስመለስ በምን እንደምናርስ አላውቅም።" ስለ ድብደባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣው፤ ስለ በሬዎቹ ግን ደጋግሞ ያወራ ነበር።

በዚያ ዳርቻ ተቀምጬ ሶሓቦችን አሰብኩ። በ615 እ.ኤ.አ. እነ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው ሩቀያ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ይህንኑ ቀይ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጥተዋል። እምነታቸውን ይዘው የሸሹ መንገደኞች ነበሩ። ነጃሺ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ያ የእኛ አገር ትልቅ ክብር ነው፤ በየመድረኩም እናወሳዋለን። ታዲያ የነጃሺ አገር ልጆች ዛሬ በሌላው ዳርቻ ማን ያስጠጋቸዋል?

ከኦቦክ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ከተማ ተሻገርኩ። በ1906 እ.ኤ.አ. በተሠራው በሐሙዲ መስጊድ ጁሙዓ ሰግጄ ከነጋድ ጣቢያ በባቡር ተመለስኩ። እናቴ ጠቁሬና ከስቼ ብታገኘኝም አልሐምዱሊላህ አለች።

ከተመለስኩ በኋላ

ጀሞ በገባሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኦቦክ አውራጃ ጎዶሪያ በሚባለው ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዜናውን የሰማሁት ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ያ ትንሹ ልጅ ከመካከላቸው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያው በ2019 እ.ኤ.አ. ከ138,000 በላይ ሰዎች በዚህና በሶማሊያ በኩል ወደ የመን እንደተሻገሩ የፍልሰት ድርጅቱ መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በጎዶሪያ አቅራቢያ በደረሰ ሌላ የጀልባ አደጋ ሕፃናት ጭምር 38 ሰዎች ሞቱ።

በቅርቡ የብሎካችን አንድ ልጅ ከመግሪብ በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ ተከተለኝና፣ "ጋሼ፣ ጅቡቲን በእግር ሄደሃል አሉ። ከዲኪል ኦቦክ ስንት ቀን ይፈጃል?" አለኝ። አጠያየቁ አገር ለማየት እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። አልተቆጣሁትም፣ አልመከርኩትምም። ቤቴ ወስጄ እራት አበላሁትና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ስለ በሬዎቹ ስደርስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን ሁለት አባቶች ጋር ሆነን ሥራ እንፈልግለታለን። ገና አላገኘንለትም፤ እርሱ ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ይህን መንገድ የሚጀምሩት ዲኪል ላይ አይደለም። የሚጀምሩት ቤት ውስጥ ዝም ማለት ሲጀምሩ፣ የማናውቀው ሰው ሲደውልላቸው፣ "እገሌ እኮ ብር ላከ" ሲባል ነው። ያን ጊዜ አጠገባችን አስቀምጠን ብንጠይቃቸው ይነግሩናል። የመስጊድ ጀመዓዎችም ዘካ ስናከፋፍል የመንገደኛውን ድርሻ ባንዘነጋ መልካም ነው። እርሱን ለማግኘት ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። ከገጠር መጥቶ በጀሞ ሕንፃዎች ሥር ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚውለው ልጅ፣ ደላላ ቤት ሆና የዐረብ አገር ቪዛ የምትጠብቀው እኅታችን፣ ከስደት ባዶ እጁን ተመልሶ ቤተሰቡን ማየት ያፈረው ወጣት፣ ሁሉም መንገደኞች ናቸው።

ወጣቶች ሆይ፣ አገር ማየት ደግ ነገር ነው። ፓስፖርት አውጥታችሁ፣ ስንቅ ይዛችሁ፣ ወላጅ መርቋችሁ ሂዱ። ታጁራን ብታዩ ደስ ይላችኋል።

የታጁራው ሽማግሌ ስሰናበታቸው፣ "ሐቃችን ተከፍሏል እንዳትል፤ አንተም በአገርህ መንገደኛ ይመጣብሃል" ብለውኝ ነበር። አላህ ለእርሳቸውና ለባለቤታቸው ጀዛቸውን ይክፈላቸው፤ በየብስም በባሕርም ያለውን መንገደኛ ሁሉ በሰላም ለቤቱ ያብቃው። አሚን።