ሂተሩ እምቢ ሲል

እኛ ዘንድ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ እዚህ አሜሪካም ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ያኔ ከሚኒሶታ እስከ ሜሪላንድ ባሉ የአበሻ ቤቶች «ሂተሩ አልነሳ አለ» የሚል ስልክ ይበዛል፤ «ምኑ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚለው ጥያቄም ተከትሎ ይመጣል። እኔ ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል። ሂተር የምንለው በጋዝ የሚሠራ የቤት ፈርነስ አልነሳ ሲል ብዙውን ጊዜ እያወቀ እምቢ ማለቱ ነው። እምቢ ያለበትን ምክንያት ሳይጠይቁ ዕቃ መቀያየር ገንዘብን ይጨርሳል፣ አንዳንዴም ከገንዘብ የሚብስ ነገር ያመጣል።

አብዛኞቻችን ያደግንበት እሳት ታዛዥ እሳት ነው። የከሰል ማንደጃ ከተለኮሰ ይነዳል፤ መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ቤቱ ውስጥ ሕፃን ይተኛ አይተኛ ደንታ የለውም። ሰውን ያፍናል እንጂ እምቢ አይልም። ፈርነስ የተሠራው በተቃራኒው ነው። ቴርሞስታቱ በ24 ቮልት ሽቦ «ሙቀት አምጣ» ሲለው እሳት አያነድም፤ አስቀድማ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ትነሳና ጭሱ የሚወጣበትን መንገድ ትጠርጋለች። መዞሯ ብቻ አይበቃም፤ የግፊት ስዊች መንገዱ ክፍት መሆኑን መመስከር አለበት። ከዚያ አቀጣጣዩ እስኪቀላ ይግላል፣ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፣ ነበልባሉ ይያያዛል። አሁንም አላመነም። ነበልባሉ ውስጥ የተደቀነች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ፍሌም ሴንሰር ይሏታል። በነበልባሉ ውስጥ ጥቂት ማይክሮአምፕ ኤሌክትሪክ ካላሳለፈች ጋዙ በሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል። ትልቁ ማራገቢያ ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎቹ የሚልከው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ላይ የቆመበት ቦታ ራሱ ምስክር ነው፤ ለመስማት ደግሞ መፍቻ አያስፈልግም። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ነገሩ እሳቱ ዘንድ ገና አልደረሰም፤ የቴርሞስታቱን ባትሪ፣ ብሬከሩን፣ በደንብ ያልተገጠመውን የፈርነስ በር ማየት ነው። አንዲት ተንኮለኛም አለች፦ ከፈርነሱ አጠገብ የተሰካች፣ ቁርጥ የመብራት ማብሪያ የምትመስል ስዊች። ቤዝመንት ዕቃ ሊያስቀምጥ የወረደ ሰው መብራት መስላው ያጠፋትና ቤቱ ሁሉ በብርድ ያድራል። ትንሿ ማራገቢያ ተነስታ ነገሩ እዚያ ላይ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ አየሩ መንገድ ይዞራል። ከግድግዳው በጎን የሚወጣውን ነጭ ቱቦ በረዶ ደፍኖት፣ ወይም በአዳዲሶቹ ፈርነሶች ውኃ የሚያንጠባጥበው ቀጭን ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እሳቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከጠፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠያቂዋ ያቺው ዘንግ ነች። እሳት የለም እያለች የምትከራከረው ላይዋን ስስ ቅርፊት ስለሸፈናት ነው። ኤሌክትሪኩና ጋዙ ተዘግቶ በለስላሳ ነገር ስትወለወል የምትድን ሆና ሳለ፣ በእርሷ ጥፋት ውድ ኮንትሮል ቦርድ የሚቀየርበት ቤት አለ።

ቤቱ ጥቂት ሞቆ ፈርነሱ መልሶ ቀዝቃዛ አየር መንፋቱ ለብቻው መታየት ያስፈልገዋል። ፊልተሩ አቧራ ከጠገበ አየር አያሳልፍም፤ ሙቀቱ መሄጃ ሲያጣ ውስጡ ይግላል፤ የሙቀት ገደቡን የሚጠብቀው ስዊች እሳቱን ያጠፋና ማራገቢያው እስኪበርድ ይነፋል። ሰው ይህን ሲያይ «አርጅቷል፣ ይቀየር» ይላል። ለመቆጠብ ብለው ሰው የማይተኛባቸውን ክፍሎች መንፊያ የሚዘጉም አሉ፤ አብዝተው ሲዘጉት እዚሁ ችግር ላይ ይወድቃሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቴርሞስታቱ ላይ ያለው ፋን «አውቶ» መሆን ሲገባው «ኦን» ላይ ተትቶ እንዳይሆን ይታይ፤ ያኔ እሳት ባይኖርም ይነፋል።

«ጋዝ ነገር አይነካም፣ ባለሙያ ጥሩ» የሚሉ ወገኖች ግማሽ እውነት አላቸው። ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ እንኳ ሳይነኩ ቤተሰብን ይዞ መውጣትና ከውጭ ሆኖ መደወል ነው፤ በዚህ ድርድር የለም። ነገር ግን መስማትና ማየት መንካት አይደለም። ለባለሙያው «አይሠራም» ማለትና «እሳቱ ይበራል፣ አራት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል» ማለት እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛውን የሰማ ሰው የመጣበትን ክፍያ በግምት አያበዛም። ሌሎች ደግሞ «ብሬከሩን አጥፍቼ ሳበራው ይነሳልኛል» ይላሉ። ይነሳል። ፈርነሱ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ሳይሳካለት ራሱን ቆልፎ ነበር፤ እነርሱ ቁልፉን ከፈቱለት እንጂ ያስቆለፈውን ነገር አልነኩትም። ከሁሉም የከፋው ግን በቪዲዮ አይቶ የግፊት ስዊቹን በሽቦ ማገናኘት ነው። መውጫ ያጣውን ጭስ ወደ መኝታ ቤት መጋበዝ ማለት ነው።

ሂተሩ እስኪሠራ ኦቭን ከፍቶ መሞቅ፣ ከሰል ማስገባት፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ መቀመጥ ያው ናቸው። በ2021 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ በረዶ ወርዶ መብራት በጠፋ ጊዜ በካርቦን ሞኖክሳይድ ብዙ ሰው ተመርዟል፤ ሂውስተን ላይ ከሞቱት መካከል የእኛም ወገኖች ነበሩ። የከሰል አፈናን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ መረታት አልነበረበትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዲቴክተር የሌለው ቤት መታፈኑን ራሱ አያውቅም።

አብዛኞቹ ፈርነሶች በበራቸው ላይ ትንሽ መስተዋት አላቸው፤ በውስጧ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ትታያለች። ስንት ጊዜ እንደምትበራ ቁጠሩ። ትርጉሙ ብዙውን ጊዜ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ማሽኑን አጥፉና በሩን ከፍታችሁ ጽሑፉን ዛሬውኑ ፎቶ አንሡት፤ ሌሊት በጣቶቻችሁ ላይ እየተነፈሳችሁ ለማንበብ አይመችም።