የሐምሌ ሽርሽር

እህቴ የላክሁላትን ሠንጠረዥ የከፈተችው ሌሊት ሥራ ላይ ሆና ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ታድራለች። አረጋውያኑ ከተኙ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቁጭ ብላ ስልኳን የምታይበት ትንሽ ጊዜ አላት። እኔ በዚያ ሰዓት እዚህ ጀርመን ቁርሴን እየበላሁ ነበር። መልሷ አጭር ነው፦

«ሚጡ፣ ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ የታሪክ ፈተና?»

ሠንጠረዡ አሥራ ሁለት መስመር አለው፤ ለአሥራ ሁለት ቀን። ሮም፣ ፎርሚያ፣ ፖንዛ፣ ናፖሊ፣ ሊፓሪ፣ በመጨረሻም ካታንያ አውሮፕላን ማረፊያ። ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን ባቡሩ የሚነሳበትን ሰዓት፣ የመርከቡን መነሻና የአልጋውን ዋጋ አስገብቻለሁ። ዳር ላይ «የምናየው» የሚል ዓምድ አለ። ጉዱ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ለሮም ብቻ ዘጠኝ ነገር ጽፌበታለሁ። ባሕር የሚለው ቃል የተጻፈው ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱም ጊዜ በቅንፍ ውስጥ ነው።

እኔና እትዬ ከተያየን አሥራ አንድ ዓመት አለፈን። አሜሪካ እንደገባች ጥገኝነት ጠየቀች፤ ጉዳዩ ሰባት ዓመት ፈጀ። ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ከአገር ከወጣ ተመልሶ ላይገባ ይችላል። አባባ ያረፈው በስድስተኛው ዓመት ነው። እኔ በርሬ ደረስኩ። እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዋ ተቀምጣ፣ ጎረቤቶቿ ቡና እያፈሉላት፣ ቀብሩን በስልክ ተከታተለች። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እጄ ሲዝል ካሜራው ወደ መሬት ዘንበል ብሎ እንደነበር የነገረችኝ ከዓመት በኋላ ነው። «የሰው ጫማ ሳይ ዋልኩ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም ምን እንደምል ስላላወቅሁ ወሬ ቀየርኩ።

ዘንድሮ የስደተኛ የጉዞ ሰነዷ እጇ ገባ። ሰነዱ ወደ ብዙ አገር ያስኬዳል። ወደ ሸሸችው አገር መመለስ ግን ያገኘችውን ከለላ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ መገናኛችን ሦስተኛ አገር መሆን ነበረበት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሕር። «አሸዋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ መዋል ነው የምፈልገው» አለች። ደወል በተደወለ ቁጥር እየተነሳች ላደረች ሴት ይህ ትልቅ ልመና አይደለም። ጣሊያንን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለእሷ የነገርኳት ባሕሩንና የባቡሩን ምቾት ነው። የደበቅኳት የራሴን ምክንያት ነው።

የዶክትሬት ጥናቴ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተጻፉ የግዞት ትዝታዎችን ያነጻጽራል። ይህን የሚያነብ ሰው ፍቅር እስከ መቃብርን ሳያውቅ አይቀርም። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ወደ ጣሊያን መጋዛቸውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። መጀመሪያ የታሰሩት ፖንዛ ደሴት ላይ ነው፤ ኋላ ወደ ሊፓሪ ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተባባሪዎቹ ጦር ደርሶ እስኪያስፈታቸው ድረስ በዚያው ቆዩ። ራስ እምሩም ፖንዛ ላይ ታስረው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የተወሰደው ወደዚያችው ደሴት ነበር፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አርታኢው «አልበዛም?» ይለው ነበር።

ደሴቶቹ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተዘጋጁ እስር ቤቶች አልነበሩም። ፋሺስቶቹ የገዛ ወገኖቻቸውንም ያግዙባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ካርሎ ሮሴሊና ኤሚሊዮ ሉሱ በጀልባ ያመለጡት ከሊፓሪ ነው። በኋላ የጣሊያን ፕሬዚዳንት የሆነው ሳንድሮ ፐርቲኒ ፖንዛ ላይ ታስሯል። ዛሬ ፖንዛ የሮም ሰዎች በበጋ የሚዝናኑባት፣ እንደ ጨረቃ ቅስት የቀጠነች ደሴት ናት። ሊፓሪም ከእህት ደሴቶቿ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ግዞተኞች ይኖሩበት የነበረው የሊፓሪ ቤተ መንግሥት ኮረብታ አሁን ሙዚየም አለበት። የእኔ ሠንጠረዥ እነዚህን ሁሉ በአሥራ ሁለት ቀን ለመዞር ነበር የታቀደው።

ከእትዬ ጋር ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እውነቱን ለመናገር ከአማካሪዬ ይልቅ እሷ ሥራዬን በደንብ አርማዋለች። ሮም ሦስት ሌሊት ነበር፤ «በሐምሌ ፀሐይ ድንጋይ ለድንጋይ አልዞርም» ብላ ወደ ሁለት አወረደችው። ፎርሚያ ለማደር የያዝኩትን አልጋ ሰረዘችው። ካርታውን አይታ ፎርሚያ ከሮም ወደ ናፖሊ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ መሆኗን ያገኘችው እሷ ናት፤ ጠዋት ከሮም ተነስቶ፣ ፎርሚያ ወርዶ፣ በዚያው ቀን ወደ ፖንዛ መሳፈር ይቻላል። ከናፖሊ ወደ ሲሲሊም አውሮፕላን ይዤ ነበር። «ባቡሩ ራሱ መርከብ ላይ ይጫናል ትይኝ የለ? ታዲያ ይሄን ትተን ምን ልናይ ነው?» አለች። እውነትም የመሲና ወሽመጥ ላይ ሲደርሱ ባቡሩን እየከፋፈሉ መርከብ ሆድ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ ሚላጾ ወርዶ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሊፓሪ ይደረሳል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጣሊያን በሙሉ ለበዓል ወደ ባሕር ስለሚወርድ፣ ጉዟችንን በሐምሌ እንድንጨርስ የወሰንነው ግን አብረን ነው።

ሮም ላይ ሁለት ነገር እንዲቀርልኝ ለመንኳት። አንደኛው ወጪ የለውም፤ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስንወጣ የምናቋርጠው አደባባይ ነው። «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣ እየጎተተ በዚያ የሚያልፈው ሐበሻ ሁሉ በራስ አሉላ ድል ላይ እየተራመደ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁለተኛው የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው፤ ከ1937 ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ፣ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴርነት ታስቦ በተጀመረውና ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚሠራበት ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ገባ።

«የሌለ ነገር ልታሳዪኝ ነው?» አለች እትዬ።

«አዎ።»

«እሺ፣ እሱ እንኳን ፎቶ አያስነሳም፤ ቶሎ እንጨርሳለን።»

ናፖሊ ላይ ግን አልተግባባንም። የዩኒቨርሲቲውን በር ላሳያት ፈልጌ ነበር። በ1908 ሮም የታተመውን ልብ ወለድ ታሪክን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን፣ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ አማርኛ ያስተምሩበት የነበረ ተቋም ነው። አፈወርቅ በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጋር ቆሙ፤ ሀዲስ ተዋግተው ታሰሩ። የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረበት አገርና ከሁሉ የሚወደደውን ልብ ወለድ ኋላ የጻፉት ሰው የታሰሩበት አገር አንድ ነው። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሚጡዬ፣ አንቺ ለምንድነው እኔን ለማየት ሰበብ የምትፈልጊው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ግን አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር የማወራው የሚጠናቀቅ ጉዳይ ስላለ ነው፤ የእማዬ መድኃኒት፣ የአባባ መቃብር ድንጋይ፣ የእሷ ጠበቃ። አጠገቧ ተኝቼ ማዕበል መስማት፣ ያለ ጉዳይ፣ አስፈራኝ። ያለ ጉዳይ ከተቀመጥን ስለ ጫማዎቹ ማውራታችን አይቀርም። ለዚህ ነው ዓምዱን በሐውልት የሞላሁት።

ለቪዛው ማመልከቻ ቅጹን በስልክ ሆነን አብረን ሞላን። የአልጋ ማስያዣ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት። «የጉዞው ዓላማ» የሚለው ጋ ስንደርስ ምን ላድርግ አለች። ቱሪዝም የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ አልኳት። ሳቀች። «ሰባት ዓመት ጠያቂ ነበርኩ፤ ዛሬ ቱሪስት ሆንኩ» አለች።

እማዬ ወሬውን የሰማችው ባለፈው እሑድ ነው፤ ሦስታችንም አንድ መስመር ላይ ሆነን። መጀመሪያ ወሩ አልዋጠላትም። «በክረምት? በሐምሌ ዝናብ ሽርሽር?» እዚህ በጋ መሆኑን በየዓመቱ እነግራታለሁ፣ በየዓመቱ ትረሳዋለች። ከዚያ ስለ ደሴቶቹ ነገርኳት። ሀዲስ ዓለማየሁ እዚያ ታስረው እንደነበር ስሰማት፣ ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

«እና ስንቅ ምን ትይዛላችሁ?»

«እማዬ፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት እኮ ነው። እሳቸውም አርፈዋል።»

«ማረፋቸውን አጣሁት? እስረኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም ነው የምልሽ።»

ለሦስት ሳምንት የፈለግሁትን ቃል እናቴ በአንድ አረፍተ ነገር ሰጠችኝ። በአማርኛ እስረኛ አይጎበኝም፤ ይጠየቃል። የታመመም እንዲሁ። ጎብኚ አይቶ ይሄዳል። ጠያቂ ስንቅ ይዞ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ «እንዴት አደርክ» ይላል። እኔ ግዞትን ሳነጻጽር አራት ዓመት ቆይቼ፣ ለታሰረው ሰው ምን ይዤለት ልሂድ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያኔ እትዬ ተናገረች። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አልተወለድኩም። አባባ ሬዲዮኑን ሲከፍት ቤቱ ጸጥ ይላል፣ የድስት ክዳን እንኳ አይነካም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ እሷ አባባ ጭን ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ቃሉ ሁሉ ባይገባትም የእሱ ሆድ በሳቅ ሲንቀሳቀስ መቼ መሳቅ እንዳለባት ታውቅ ነበር።

«አሁንም እሰማዋለሁ» አለች። «ሌሊት ሥራ ላይ። አንዱ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፤ በሌላው ደወል እጠብቃለሁ።»

ስለዚህ መጽሐፍ በሁለት ጉባኤ ላይ ወረቀት አቅርቤአለሁ። እህቴ በየሌሊቱ እንደምትሰማው አላውቅም ነበር። ጠይቄያት አላውቅማ።

ሠንጠረዡን አሁን የያዘችው እሷ ናት። ሮም ሁለት ሌሊት፣ ፖንዛ ሦስት፣ ናፖሊ ሁለት፣ ሊፓሪ አራት። የዩኒቨርሲቲውን በር መልሳ አስገብታልኛለች፤ «ከፒሳ በፊት፣ አሥር ደቂቃ» ብላ። ለሊፓሪ አራቱም ቀን «ምንም» ብላ ጽፋለች፤ ነክቼ አላውቅም። ትናንት ማታ የፖንዛን ሁለተኛ ቀን ሞልታ አገኘሁት፦

«ጠዋት፦ ጥየቃ። ከሰዓት፦ ዋና። ማታ፦ ስለ ቀብሩ ትነግሪኛለሽ፤ ከጫማው በላይ ያለውን።»

ቪዛው ገና አልመጣም። ዳቦ ቆሎው ግን ወደ ጀርመን በሚመጣ ሰው እጅ ከአዲስ አበባ ተነስቷል።