ከማን ሰማኸው?



ውድ አንባብያን! ስለ ጋዜጠኝነትና ስለ እውነት ሲጻፍ ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ ሌላውን ይወቅሳል። እኔ ግን ዛሬ የምመሰክረው በራሴ ላይ ነው።

ጊዜው 2014 ዓ.ል. ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን፣ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እኛም በረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ውስጥ ሳለን፣ በጎንደር ከተማ በአንድ ታላቅ ሸይኽ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ሙስሊሞች ጥቃት ደረሰባቸው። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ። ያን ሰሞን ልቡ ያልደማ ሙስሊም አልነበረም።

በማግሥቱ አንድ ፎቶግራፍ በስልኬ ደረሰኝ። መስጊድ በእሳት ሲነድ ያሳያል። ከሥሩ «ጎንደር፣ ትናንት» የሚል ተጽፎበታል። እኔ ለዓመታት በጽሑፍና በዜና ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ወሬ እንዴት እንደሚጣራ አውቃለሁ። ነገር ግን ንዴቴ ከእውቀቴ ቀደመና ሳላጣራ ለቤተሰቦቼ ሁሉ ላክሁት።

ማታ ከተራዊሕ በኋላ በልጅነቴ ቁርኣን ላስቀሩኝ ሸይኽ አሳየኋቸው። ፎቶውን ጥቂት አዩትና «ይህን ከማን ሰማኸው?» አሉኝ።

«ከአንድ ወንድም።»

«እሱስ ከማን አገኘው?»

«ከሌላ ሰው።»

«ያ ሌላ ሰው ማን ይባላል?»

መልስ አልነበረኝም። «ልጄ፣ የማይታወቅ ሰው የገባበት ሰንሰለት የተበጠሰ ነው። አባቶቻችን ይህን ለሐዲስ ብቻ ያስተማሩን ይመስልሃል?» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ቤት ገብቼ ስፈልግ ፎቶው የጎንደር አለመሆኑን ደረስሁበት። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ነበር። ወዲያው ለላክሁላቸው ሁሉ «ስሕተት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ግን ዘግይቼ ነበር። የዐሥራ አምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ፎቶውን ለጎረቤታችን ልጅ አሳይቶት፣ «ይህን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎት፣ አብረው ያደጉት ሁለት ልጆች ተደባድበው ደም ተፋሰዋል።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች! ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። በጎንደር የደረሰው በደል እውነት ነበር፤ ፎቶው ግን ሐሰት ነበር። እውነተኛ በደል የሐሰት ማስረጃ አያስፈልገውም። እንዲያውም ሐሰቱ ሲጋለጥ፣ ሰሚው እውነቱንም አብሮ ይጥለዋል። እኔ የተገደሉትን ወንድሞቼን የጠቀምሁ መስሎኝ የእነርሱን ምስክርነት አቆሸሽሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት፣ ነገረኛ ሰው ወሬ ሲያመጣልን እንድናጣራ ያዝዘናል። ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ሌላ ነገር እንደማያስፈልገው አስተምረዋል።

በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የተነዛውንም ሐሜት እናስታውስ። ከዘመቻ ሲመለሱ የጠፋባቸውን የአንገት ጌጥ ሲፈልጉ ከጉዞው ወደኋላ ቀሩ። ሙናፊቆች ከዚህ ተነሥተው ስማቸውን አጠፉ። ወሬው መዲናን ለአንድ ወር ያህል አመሰ። ያሳዘነው ግን ወሬውን ያመላለሱት ሙናፊቆች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ከምእመናንም በምላሳቸው የተቀበሉት ነበሩ። በመጨረሻም ንጽሕናቸውን የሚመሰክር ወሕይ በሱረቱ ኑር ወረደ።

ከዚህ ታሪክ ሁሌ የሚገርመኝ የዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ነገር ነው። ከነቢዩ ባለቤቶች መካከል በክብር ከዓኢሻ ጋር የሚፎካከሩት እርሳቸው ነበሩ። ነቢዩ ሲጠይቋቸው ግን ጆሮአቸውንና ዓይናቸውን ከሐሰት ጠብቀው፣ ስለ ዓኢሻ ከመልካም በቀር እንደማያውቁ ተናገሩ። ለሚወዱት እውነት መናገር ቀላል ነው። ለተፎካካሪ እውነት መናገር ግን ተቅዋ ይጠይቃል። ዛሬ አገራችን በጎራ ተከፋፍላ ሳለች ብዕር የያዘ ሰው የሚፈተነው በዚህ ነው።

ፈተናዬም በፎቶው አላበቃም። ሚያዝያ 20 ቀን በስልጤ ዞን ወራቤ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የሳምንቱን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነበር። አንድ ወዳጄ «የጎንደሩን ጻፍ፤ የወራቤውን ተወው፤ ለጠላት መሣሪያ አታቀብል» አለኝ። ምክሩ ልቤን ደስ አሰኘው። ውሸት ጻፍ አላለኝም፤ ዝም በል ነው ያለኝ። ግን በሱረቱ ኒሳእ፣ በራሳችንም ሆነ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ታዘናል። በሱረቱል ማኢዳም ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ተከልክለናል። ግማሹን ደብቆ ግማሹን መናገርም የሐሰት ምስክርነት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍሁ። ያ ወዳጄ ለወራት ሰላምታዬን አልመለሰም።

ወሬ ወዴት እንደሚያደርስ ከሩዋንዳ በላይ አስተማሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሚል ኮሊን የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሕዝቡን ለጭፍጨፋ አነሣሣ። በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በ2003 በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሁለት የጣቢያውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ። በዚያው እልቂት ግን ብዙ የሩዋንዳ ሙስሊሞች የሚታደኑትን ሰዎች በቤታቸው ደብቀው አትርፈዋል። ሬዲዮው «ጠላት» ያለውን እነርሱ ጎረቤት ብለው አወቁት።

እኔም የጎረቤቴን ደጅ ማንኳኳት ነበረብኝ። የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድሁ። የልጁ እናት በሩን ከፈቱልን። «እማማ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ከአንተ አልጠበቅሁም ነበር» አሉኝ። ከዚያም እንድንገባ በሩን ለቀቁልን። ያች አንዲት ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እናቶችና አባቶች! ዛሬ በየኪሱ ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ ወሬ አሰራጭ ሆኗል። እንግዲህ የጋዜጠኛው አማና የሁላችንም አማና ነው። ልጆቻችን አንድ ነገር ሲያሳዩን ከመቆጣታችን ወይም ከመደነቃችን በፊት የሸይኻችንን ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ «ከማን ሰማኸው?»

አላህ ምላሳችንንና ብዕራችንን ከሐሰት ይጠብቅልን፤ በወገናችንም ላይ ቢሆን እውነትን የምንመሰክር ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።