የጣት ፍጥነትና የቤዝ ድምፅ

«አለ» የሚለው ቃል ሲጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን በቦታው ይገኛል ማለት ይሆናል። ጽሕፈቱ አንድ ሳለ ምሥጢሩን የሚለየው የአንባቢው አንደበት ነው። በኪቦርድ ፊት ተቀምጦ የቤዝ ጊታርን ድምፅ በኮምፒውተር የሚቀርጽ ሰውም ይህን የመሰለ ነገር ያጋጥመዋል፤ ያው አንድ ቁልፍ በቀስታ ሲመታና በብርቱ ሲመታ ሁለት የተለያየ ቃል ይናገራልና።

ኪቦርዱ የሚለካው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ብዙዎች የጣትን ክብደት የሚመዝን ይመስላቸዋል፤ ዳሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በታች ብዙውን ጊዜ ሁለት መገናኛዎች አሉ፤ ቁልፉ ሲወርድ አንደኛው ቀድሞ ይገናኛል፣ ሁለተኛው ይከተላል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈችውን እጅግ አጭር ጊዜ ይቈጥራል፤ ጊዜዪቱ ባጠረች መጠን ቍጥሩ ይበዛል። ስለዚህ ከባድ እጅ በዝግታ ቢጫን ትንሽ ቍጥር ያወጣል፤ ቀጭን ጣት ከላይ ተወርውራ ብትወርድ ግን ትልቅ ቍጥር ታወጣለች። ባለሙያዎቹም ቬሎሲቲ፣ ማለት ፍጥነት፣ ብለው የሰየሙት ስለዚህ ነው። በ1983 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሚዲ የተባለው የመሣሪያ ሠሪዎች ስምምነት ይህን ፍጥነት ከ1 እስከ 127 በሚደርስ ቍጥር ይጽፈዋል፤ 0 የሆነ እንደ ሆነ ቁልፉ ተለቀቀ ማለት ነው።

ጥንት ይህ ነገር በሁሉም መሣሪያ የሚገኝ አልነበረም። ሃርፕሲኮርድ የተባለው የአውሮፓ መሣሪያ ክሩን በላባ ጫፍ ይነቁር ስለ ነበረ፣ መቺው ጣቱን ቢያከብድም ቢያቀልም የድምፁ ኃይል እምብዛም አይለወጥም ነበር። በ1700 ዓመት ገደማ የፍሎሬንሱ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ክሩ በመዶሻ የሚመታበትን ፒያኖ ሠራ፤ ከዚያም ወዲህ ጣት የፈለገውን ያህል ማጥበቅና ማላላት ቻለ። በ1970 ዓመት የወጣው ሚኒሙግ በቤዝ ድምፁ እጅግ የተወደደ ሲሆን የጣትን ፍጥነት ፈጽሞ አይለይም ነበር፤ በዚህ በኩል ወደ ሃርፕሲኮርዱ ዘመን የተመለሰ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን በኮምፒውተር ውስጥ ያሉት የቤዝ ድምፆች ብዙዎቹ የእውነተኛ ሰው እጅ ያረፈባቸው ናቸው። አንድ የቤዝ ባለሙያ ስቱዲዮ ገብቶ እያንዳንዱን ድምፅ በለሆሳስ፣ በመካከለኛና በብርቱ እየደጋገመ ይመታል፤ ምቱ ሁሉ ተቀርጾ ከ1 እስከ 127 ባለው መንገድ ላይ በየደረጃው ይቀመጣል። በለሆሳስ የተመታው ክር ድፍንና ክብ ድምፅ አለው፤ በብርቱ የተመታው ከጊታሩ አንገት ብረት ጋራ እየተጋጨ ይንጫረራል። በአንዳንዱም ከላይኛው ጫፍ ላይ አሜሪካዊው ላሪ ግራሃም ያስፋፋው፣ በአውራ ጣት በጥፊ መልክ የሚደረገው ስላፕ የተባለው ምት ተቀምጧል። እንግዲህ ኪቦርድ መቺው ጣቱን ያልገዛ እንደ ሆነ የሚያዛባው የድምፁን መጠን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሐረግ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቤዙን ከእጅ ለእጅ እየተነጣጠቁ የሚመቱ ያስመስለዋል።

በአገራችን ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ በብዙ ቀረጻ ላይ የቤዙን፣ የከበሮውንና የጡሩንባውን ሥራ ኪቦርድ ብቻውን ሲሠራው ኖሯል። በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚበላ አንድ ሰው ለአንድ ጀማሪ ዘፋኝ የችክችካ ዜማ ቤዝ ይቀርጽ ነበር። ዘፋኙ ቤዝ መቺ የሚቀጥርበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ያጠራቀመውም ለዚያች ለአንዲት ዘፈን ብቻ የሚበቃ ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ እንደ ፒያኖ ልማዱ መታ፤ አውራ ጣቱ ያረፈበት ሁሉ እንደ ጥፊ ጮኸ፣ የቀለበት ጣቱ ያረፈበት ጠፋ። ይህን ለማቃናት ኮምፕረሰር የተባለውን የድምፅ ማስተካከያ ጫነበት። ኮምፕረሰር በቦታው ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ነገር ግን የድምፅን ከፍታ ያቀራርባል እንጂ የምትን ጠባይ አይለውጥም። ጥፊውም ዝግ ያለ ጥፊ ሆነ እንጂ የጣት ምት አልሆነም።

ከዚህ በኋላ ቍጥሩን ሁሉ 100 አደረገው። በማሽን ለሚሄድ የዳንስ ሙዚቃ ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ በሌላው ግን ከስንፍና የሚቈጠር ነው። ዘፋኙ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሄድ አይመስልም፤ ቆሞ የሚቈጥር ይመስላል» አለ። ዘፋኙ ስለ ሚዲ አንዳች አያውቅም፤ ጆሮው ግን አልሳተም። በችክችካ ስድስቱ ምቶች አንድ ዐይነት ክብደት የላቸውም፤ አንደኛውና አራተኛው እግር የሚረግጥባቸው ናቸው፣ የቀሩት መሸጋገሪያ ናቸው። ሁሉም እኩል በሆኑ ጊዜ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ማረፊያውን ያጣል።

ሰውዬው በማግሥቱ ሥራውን ከሥሩ ጀመረ። አንዱን ቁልፍ ከለሆሳስ እስከ ብርቱ ደጋግሞ እየመታ ድምፁ በየትኛው ቍጥር ላይ መልኩን እንደሚለውጥ መረመረ፤ በእርሱ መሣሪያ የጣት ምት ከ60 እስከ 105 ድረስ ኖሮ፣ ከዚያ በላይ ጥፊው ይጀምር ነበር። ይህ ልክ በየመሣሪያው የተለያየ ስለ ሆነ ከሰው ተውሶ የሚያዝ አይደለም። ቀጥሎም የኪቦርዱን የፍጥነት ልክ፣ ቬሎሲቲ ከርቭ የሚሉትን፣ ከመዝገቡ ውስጥ ለውጦ ጣቱ ካልታሰበ በቀር ከ105 እንዳያልፍ አደረገ። ኪቦርዱ በፒያኖ አምሳል የተሠራ ነበርና የግራው ቁልፎች ከቀኙ ይከብዱ ነበር፤ ስለዚህ ድምፁን ሁለት ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ በመካከለኛዎቹ ቁልፎች ላይ መታ። አውራ ጣቱንም ተወው፤ እንደ ቤዝ መቺ በጠቋሚውና በመካከለኛው ጣት እያፈራረቀ፣ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሣ መታ። ይህ ከሁሉ ይልቅ የረዳው ይመስላል፤ ቅርብ የሆነ ጣት ለመወርወር ቦታ የለውምና።

የተቀረጸውን በገለጠ ጊዜ አንደኛውና አራተኛው ምት በ95 አካባቢ፣ የቀሩት ከ75 እስከ 85 ሆነው ተገኙ፤ ሁለት ግን አንድ ዐይነት ሆነው የሄዱ እምብዛም አልነበሩም። ያለ ቦታቸው የዘለሉትን ሦስቱን ብቻ በማውዙ ዝቅ አደረጋቸው። በሁለተኛው አዝማች መግቢያ ላይ 104 የደረሰች አንዲት ምት ነበረች፤ እርስዋን ግን አልነካትም፤ ዘፋኙ ትንፋሹን የሚስብባት ቦታ ነበረች።