ጦሳና ሜዳው

ሙጃ የተወለደ ሰው ብርድ አያስደነግጠውም፤ እኔን ደሴ ያስደነገጠኝ የሰው ብዛት ነበር። አጎቴን ተከትዬ ከወልድያ በአውቶቡስ ተጓዝኩ። መርሳ ላይ ሙቀቱ ጋቢዬን አስጥሎኝ፣ ሐይቅን አልፈን ስንቃረብ መልሼ ተከናነብኩት፤ ከተማዋን የወደድኳት ያን ጊዜ ነው። ብርዷ የአገሬ ብርድ ነው። ከጀርባዋ የጦሳ ተራራ ቆሟል፤ ቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ወደ እሱ ይሽቀዳደማሉ። ተራራ የሌለው ከተማ ሊኖር ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

አጎቴ ማስጎብኘት ይወዳል። አይጠየፍ አዳራሽን እያሳየኝ፣ ንጉሥ ሚካኤል ድሃና ጌታ ሳይለዩ ግብር ያበሉበት መሆኑን ነገረኝ። በ1906 ዓ.ም. የነገሡትም እዚሁ ደሴ ነው። በ1928 ኅዳር ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ጃንሆይ መትረየስ ይዘው እንደተኮሱ ሲተርክልኝማ፣ ጥይት ያቀበለ እሱ ይመስል ነበር። ለከተማዋ ስም ያወጡት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው መባሉንም ከእሱ ነው የሰማሁት።

የተከራየሁት ሙስሊም ባልቴት ቤት ነበር። ረመዳን ሲገባ ከሾርባው ለእኔም ይቀዳልኛል፤ ሁዳዴ ከሆነ ደግሞ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻ ይጣድልኛል። ስንቄ አልቆ ስተክዝ ካዩኝ፣ «አብሽር፣ አንተ የላስታ ልጅ!» ይሉና ቡናው ላይ ዱዓ ያደርጉልኛል። ሰኞ ገበያ ወርጄ ሸክም የተሸከምኩላቸውን ያህል፣ እሳቸው ያጎረሱኝ ይበልጣል።

የሱዳኗ ገዳሪፍ ግን ሌላ ነገር ናት። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ባጣሁበት ዓመት፣ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር መተማ ወረድኩ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያ ነው፤ የአጎቴ ወሬ እስከዚህ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ድልድዩን ተሻግረን ጋላባትን ስናልፍ መሬቱ ለጥ አለ። ጥቁር መረሬ፣ ሰማይ፣ እንደገና መረሬ። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለጦራቸው እህል ፍለጋ ይህን ሜዳ በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ ሆና ቀረች። ዓይኔ ተራራ ሲፈልግ ያገኘው ግዙፎቹን የእህል ማከማቻዎች ነበር። መንገድ የጠፋኝ ቀን ሁሉ እነሱን አይቼ ተመለስኩ፤ ጦሳዬ እነሱ ነበሩ ማለት ነው።

ሥራው ከባድ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ፣ ማለትም ክምር፣ ተደርጎ ይቆማል፤ ከዘገየህ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ፀሐይዋን መሸሽ የለም። አንድ አሠሪ የአጨዳውን ሒሳብ ቆርጦ ሲከፍለን ከተማዋን ልጠላት ነበር። ያስቀረኝ ውኃው ነው። በየጥላው፣ በየቤቱ ደጃፍ፣ አላፊ አግዳሚ እንዲጠጣ የሸክላ ጋን ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ኩባያው ከላይ። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል የለም። እኛ ደገኞች ለእንግዳ ቤት እንከፍታለን፤ እነዚህ ግን እንግዳውን ሳያዩት ያጠጡታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ከእኛ ይበልጣል። ዝንጅብል የገባበት ቡናቸው ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ዛሬም አይዋጥልኝም። ከሚያፈሉት መካከል የአገሬ ሴቶች ስለነበሩ፣ ሳልሳደብ ጠጥቻለሁ።

በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲገባ፣ ከእኛ ሰፈር የሸሹ ሰዎች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተኙ፤ የደሴ ሰው እንጀራ ተሸክሞ ደረሰላቸው። በቀጣዩ ጥቅምት ደሴም ራሷ ተያዘች፤ ስታስጠጋ የነበረች ከተማ ሰዎቿ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ጎረፉ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ስትታመስ ደግሞ፣ ገዳሪፍ የሸሸውን ሁሉ መቀበል ያዘች። ያን ዜና እየሰማሁ ያሰብኩት ስለ ጋኖቹ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ ማን ይሞላቸው ይሆን?