የመጽሐፍ ስንቅ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር

የጥንት መንገደኛ ወደ ሩቅ አገር ሲነሣ ስንቁን አንድ ዓይነት አያደርግም ነበር። በሶው ውሃ በተገኘበት ስፍራ ቶሎ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው፤ ዳቦ ቆሎው እየተጓዙ የሚቆረጠም ነው፤ ቋንጣው ማታ እሳት ሲነድ ለወጥ የሚሆን ነው፤ ጭኮው ደግሞ ጉልበት ሲዝል የሚያበረታ ነው። በሶ ብቻ ጭኖ የወጣ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን በሶ ማየት ያስጠላዋል። ለዕረፍት ጉዞ የሚያዝ መጽሐፍም እንደዚሁ በስንቅ ሥርዓት ሊታሰብ የሚገባው መሆኑን እኛ የተማርነው ከስሕተታችን ነው።

እኛ በአንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሦስት ባልደረቦች ነን። አንደኛው ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው ታላቃችን ናቸው፤ «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ሁለተኛው ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ አፉን በሶማልኛ የፈታ፣ አማርኛን በሥራ ላይ የሚማር ወጣት ነው። ሦስተኛው ይህን ጽሑፍ በሦስታችን ስም የሚያቀርበው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዳችንን በአንድነት ወስደን ወደ ሐዋሳ ሄደን ነበር። በዚያን ወቅት በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚነገርለት አንድ አዲስ ልብ ወለድ ስለ ነበረ፣ አንዳችን ለሌላው ሳንነጋገር ሦስታችንም ያንኑ መጽሐፍ ገዝተን ኖሯል። ጋሼና እኛ በሁለት ቀን ጨረስነው። ወጣቱ ባልደረባችን ግን መጽሐፉ በከተማ አራዳ ቋንቋ የተሞላ ስለ ሆነበት ሃያኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አጠፈው። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዳር የቀረን ንባብ ዓሣ የተጠቀለለበት ያረጀ ጋዜጣ ብቻ ነበር። ሦስት ሰዎች ሦስት መጽሐፍ ተሸክመን፣ በእውነቱ የያዝነው አንድ መጽሐፍ ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሐረር ለመጓዝ ስንሰናዳ ይህን እያስታወስን መጻሕፍቱን አስቀድመን ለመምረጥ ተስማማን። ነገር ግን የወጣቱ ባልደረባችን አሳብ ከእኛ የተለየ ሆነ። ይኸውም ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ታዝዞ፣ የሥራ ኃላፊው በ6 ሰዓት ወደ ቤታቸው መሄዳቸውን ለመግለጽ ፈልጎ «ከሥራ ተሰናበቱ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከስብሰባ መሰናበት ደኅና ዋሉ ብሎ መሄድ ነው፤ ከሥራ መሰናበት ግን ከመንግሥት ደመወዝ መለየት ነው። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ራሳቸው ስቀው አለፉት፤ እርሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ላይ ቃል አልተነፈሰም። ለዕረፍቱም የመረጠው አንድ የሰዋስው መጽሐፍና አንድ የመመሪያ ጥራዝ ብቻ ነበር።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ መመሪያ የሚነበበው እንዳያጠፉ ነው፤ ቋንቋ ግን ሳያጠፉ አይለመድም» አሉትና ሦስታችንም አብረን በብሔራዊ ትያትር አካባቢ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት ስፍራ ወረድን።

መጽሐፍ ሻጩ የምንፈልገውን ከመጠየቁ በፊት፣ «ለመንገድ ነው ወይስ ለመደርደሪያ?» አለን። ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነበር። የመደርደሪያ መጽሐፍ ግርማው ይበቃዋል፤ የመንገድ መጽሐፍ ግን ክብደቱ፣ የፊደሉ ድምቀትና የገጹ ሙሉነት ሊመረመር ይገባዋል። በተለይም አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ሳይቈጥር ዋጋ አይክፈል። ጋሼ አንድ ጊዜ መጨረሻው የተገነጠለ ልብ ወለድ ገዝተው የባለ ታሪኩን ፍጻሜ እስከ ዛሬ እንዳላወቁ አጫወቱን። ከዚህ ሌላ የሳቸው መፈተኛ ቀላል ነው፤ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ቆመው ያነብባሉ፤ እጃቸው ገጹን ለመግለጥ ከፈለገ ይገዙታል፤ ካልፈለገ ይመልሱታል።

ከብዙ ምርጫ በኋላ ለሦስታችን አምስት መጻሕፍት ያዝን፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት እንዳይሆኑም ሕግ አደረግን።

የመጀመሪያው ስለምንሄድበት አገር የሚናገር ሆነ። ይህም የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። ደራሲው በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ዘንድ ያደጉ፣ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ የዘመቱ፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ የጉዞ ጓደኛ አይገኝም።

ሁለተኛው ከምንሄድበት እጅግ የራቀ አገር የሚያሳይ ነው፤ በ1946 ዓ.ም. የታተመውን የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» መረጥን። ሦስተኛው ረጅም ልብ ወለድ ሆነ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከ500 ገጽ በላይ ያለው በመሆኑ ለተማሪ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ነገር ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ስላለ፣ መጽሐፉን ገልጦ ትረካውን የሚያዳምጥ ሰው የማያውቀውን ቃል እንኳ ከድምፁ ይረዳዋል። አራተኛው ግጥም ነው፤ በ1966 ዓ.ም. የታተመው የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ»። አምስተኛው በአጫጭር ምሳሌያዊ ታሪኮች የተሞላው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ሆነ፤ ይህንን ለወጣቱ ባልደረባችን ሰጠነው። እርሱ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ጨምሮ ለመያዝ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንሥቶ ካስቀመጠው በኋላ በምትኩ አንዲት ትንሽ ደብተር በኪሱ ከተተ። የመመሪያ ጥራዙ ከቤት ቀረ።

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተን አዳማን ካለፍን በኋላ ጥቁሩን የመተሐራ ድንጋይና የበሰቃን ሐይቅ እያየን ወደ አዋሽ ወረድን። እስከዚያ ድረስ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነበር። በውጭ የአፋር ግመሎች በእሾኹ መካከል ሲያልፉ፣ በውስጥ የጎጃም ገበሬና የጎጃም መኳንንት ይነጋገራሉ። ሁለት አገር በአንድ ጊዜ ማየት ማለት ይህ ነው። ወጣቱ ባልደረባችን የጉዱ ካሳን ንግግር ሲሰማ ብቻውን ይስቅ ጀመር፤ የሳቀው እኛ ከመሳቃችን በፊት ስለ ነበረ፣ ከትርጕም በኋላ የመጣ ሳቅ እንዳልነበረ ተረዳን።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። ቆላው ሙቀት ቀስ በቀስ ይቀራል፤ የማሽላ አገዳ በየማሳው ተከምሮ፣ ቡናና ጫት በየተረተሩ ተተክሎ ይታያል። ወደ ማታ ከጭሮ ገባን። ጭሮ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ የተባለችው ከተማ ናት፤ የጨርጨርን አስተዳደር መቀመጫ ከኩኒ ወደዚህች ስፍራ ያዛወሩት በዚያ ዘመን ገዥ የነበሩት እነዚሁ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ስለዚህ ከእራት በኋላ በማደሪያችን ግቢ ተቀምጠን፣ ጋሼ የሕይወት ታሪካቸውን አውጥተው ያነብቡልን ጀመር።

ከጨርጨር በፊት ደራሲው ጅግጅጋን ገዝተው ነበር። ጋሼ ስለዚህ ጊዜ የሚናገረውን ክፍል ሲያነብቡ፣ ደራሲው በ1909 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ራሳቸው እንደ መሠረቷትና መንገዶቿን በቀጥታ መሥመር እንዳስወጡ የሚገልጸው ስፍራ ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ ወጣቱ ባልደረባችን የቡና ስኒውን አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ እዚህ ላይ እቃወማለሁ» አለ።

ጋሼ መጽሐፉን በጣታቸው ይዘው ቀና አሉ። እርሱም ስለ ጅግጅጋ ጕድጓዶች፣ አባቶቹ ግመሎቻቸውን ያጠጡባቸው ስለ ነበሩት ውሃዎች ይናገር ጀመር። የእንግሊዙ መኮንን ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1893 በዚያ ሲያልፍ ጕድጓዶቹንና በአጠገባቸው የነበረውን ምሽግ እንዳየ መጻፉን በትምህርት ቤት ሳለ ማንበቡንም ጠቀሰ። «የተጠራ ስም ነበራት፤ የሚጠጣ ውሃ ነበራት፤ ሰውም ነበረባት» አለ። ጋሼ በበኩላቸው፣ ጕድጓድና ምሽግ ብቻውን ከተማ አይባልም፤ ከተማን ከተማ የሚያደርገው መንገዱና ሥርዓቱ ነው ብለው መለሱለት። ክርክሩ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ወጣቱ ቃል ሲያጥረው እጁን ያወራጭ ነበር፤ የግስ እርባታው ሲሳሳትበትም አላቆመም፤ እኛም አላረምነውም።

በመጨረሻ፣ «መሬትን በገመድ እየለኩ መንገድ ማውጣት በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ።

«መቀየስ» አሉት ጋሼ።

«አዲስ ከተማ መመሥረትስ?»

«መቆርቆር።»

«እንግዲያስ ቀየሷት እንጂ አልቆረቆሯትም!»

ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም እርሳስ ከኪሳቸው አውጥተው በገጹ ኅዳግ ላይ «ቀየሱ» የሚለውን ቃል ጻፉ። የሕይወት ታሪክ የአንድ ሰው ምስክርነት ነውና፣ ሌላ ምስክር ሲመጣ ስፍራ ሊሰጠው እንደሚገባ ነገሩን። ወጣቱም ሁለቱን ቃላት በደብተሩ ጻፋቸው። ከሥራ መሰናበትና ከስብሰባ መሰናበት ያሳቁበት ሰው፣ በዚያች ሌሊት ሁለት ቃላትን ለይቶ አንድ ክርክር ረታ።

በማግሥቱ ፊታውራሪው በኋለኛው ዘመናቸው የኖሩባትን ሂርናን አልፈን፣ በቁልቢ በኩል ወደ ሐረር ገባን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበው ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ እንደየተናጋሪው ልዩ ልዩ ስም አላቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር የሚባለው በሐረሪ አስማዲን በሪ ነው። ወጣቱ ባልደረባችን ስሞቹን በደብተሩ ሲጽፍ፣ «እነሆ፣ አንዱን በር ሁሉም በየአፉ ይቆረቁረዋል» ብሎ ቀለደ።

በሐረር ሳለን እያንዳንዱ መጽሐፍ የየራሱን ሰዓት አገኘ። ማለዳ ከቡና ጋር «ታሪክና ምሳሌ» ይነበባል፤ ታሪኩ አጭር ስለ ሆነ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ያልቃል። ልብስ ሰፊዎች በየደጁ በተደረደሩበት በመኪና ግርግር፣ የጋሼ ሱሪ እስኪጠብ ድረስ ግጥም አነበብን፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ለጸጋዬ ስንኝ ከበሮ ሆነለት። በሸሪፍ ሙዚየምም ለብዙ ዘመናት በእጅ የተጻፉ የዓረብኛና የሐረሪ መጻሕፍትን አየን። ሐረር በመጽሐፍ ጥራዝ ጥበብ ስሟ የታወቀ ከተማ መሆኗን ባየን ጊዜ፣ የመጽሐፍ ስንቅ ይዘን ወደ መጽሐፍ ጠራዦች አገር መምጣታችን አስደሰተን። ስለ ጃፓን የሚናገረው ግን እኩሌታው ሳይነበብ ተመለሰ። ስንቅ መትረፉ ነውር አይደለም፤ ማነሱ ነው እንጂ።

ከተመለስን በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንድ ረቂቅ ደብዳቤ ቀረበ። ደብዳቤው ብዙ ዓመት የቆየ አንድ ክፍል አዲስ ሠራተኞች ስለ ተመደቡለት «ተቋቋመ» ይላል። ወጣቱ ባልደረባችን እጁን አነሣ። «ክፍሉ የተቋቋመው ቀድሞ ነው፤ አሁን የተደረገው ማደራጀት ነው» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ጸሐፊውም ቃሉን ሰርዞ አረመው።

የሚመጣው ዕረፍታችን ወደ ጅግጅጋ እንዲሆን ተስማምተናል። መጻሕፍቱን የሚመርጠው ግን በዚህ ጊዜ እርሱ ነው፤ ጋሼም ከአሁኑ የሶማልኛ ፊደል መቊጠሪያ እንዲገዛላቸው አዝዘውታል።