በቀቀን ግዢ በቃሊቲ

1. ሻጩ በስልክ «እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ፍቅር ነው ያስያዘኝ» አሉ። ቀጥለው ዋጋ ነገሩን። «መጨረሻው ነው» አሉ። ግቢያቸው ስንደርስ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ወረደ።

2. አንዱ ገዢ ገና ከታክሲ ሳይወርድ ሚስቱ ደወለች። «የት ነህ?» «ቃሊቲ ነኝ።» «ምን አጥፍተህ?»

3. ታክሲው ውስጥ አንዲት እናት የታሳሪ ስንቅ በፌስታል ይዘዋል። አጠገባቸው ያለ ወጣት ባዶ የወፍ ቤት ታቅፏል። ረዳቱ ስንቁን ዝም ብሎ አለፈው። ለወፍ ቤቱ ሂሳብ ጠየቀ። «ባዶ እኮ ነው» አለ ወጣቱ። «ቢሆንም ቦታ ይዟል» አለ ረዳቱ።

4. በመንገድ ዳር ያለ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ በቀቀን ተስሏል። የደቡብ አሜሪካው ማካው ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ቢጫ ግንባር በቀቀን አለን። እሱን የሳለ ግድግዳ እስካሁን አላየሁም።

5. ወፎቹ የሚኖሩት በአሮጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በሮቹ ተነቅለው ሽቦ ተመቶበታል። ኮት ይሰቀልበት የነበረው ብረት ላይ ባጂ የሚባሉ ስምንት ትናንሽ በቀቀኖች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንድ የልብስ መስቀያ አልተነሳም። ዘጠነኛዋ ብቻዋን እሱ ላይ ትወዛወዛለች። ከብረቱ ላይ የወረደች ወፍ ተመልሳ ስትመጣ ቦታዋን ተይዞ ታገኘዋለች። ትነክሳለች፤ ይለቀቅላታል።

6. ሁሉም ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይናገራል?» ብሎ ነው። ምን ይበላል፣ ስንት ዓመት ይኖራል የሚለው ከክፍያ በኋላ ይመጣል። የሻጩም መልስ አንድ ነው፦ «ሲለምድ።» ግቢው ውስጥ ካሉት አንድም የለመደ የለም።

7. አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። «ቤቱ ጭር አለብኝ፤ የሚያናግረኝ አጣሁ» አሉ። ስልካቸው ጮኸ። አይተው አጠፉት። «ልጄ ናት፤ ስትደውል ወሬዋ አያልቅም።»

8. ሻጩ «ጥንድ ናቸው» ብለው ላቭበርድ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ በቀቀኖች አወጡ። ፊታቸው እንደ ኮክ የቀላው ዓይነት ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ወንድና ሴት በመልክ አይለይም። «ጋሼ፣ በምን አወቁ?» አልናቸው። «በአያያዟ» አሉ። የባጂውን ግን በትክክል ያውቃሉ፦ ካደገ በኋላ ከመንቆሩ በላይ ያለው ሥጋ ሰማያዊ ከሆነ ወንድ፣ ቡናማ ከሆነ ሴት።

9. ከአጥሩ ውጭ ሾላ ላይ አረንጓዴ ወፎች ይንጫጫሉ። ጥቁር ክንፍ ላቭበርድ ይባላል፤ የሚኖረው ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቀይ የላትም። መሬት ላይ ቆሞ መለየት ይቻላል። ጥንዱን የገዛው ሰው ቀና አላለም።

10. «እነዚያን ሾላው ላይ ያሉትንስ ይዘው ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅን። ሻጩ ተቆጡ። «ሕገወጥ ነው! አዋጅ አለ!» ልክ ናቸው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለምንድነው፣ ትፈልጋለህ እንዴ ልጄ?»

11. ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በንግግር ከሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡ የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል አገሮች ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ከልክለዋል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ከሆነች ቆይታለች፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። አንድ ወጣት ግራጫ ይፈልጋል። ግራጫ 50 ዓመት ሊኖር ይችላል። የወጣቱ የቤት ኪራይ ውል የአንድ ዓመት ነው።

12. ሻጩ ጥራጥሬ የሞላበት ፌስታል አሳዩን። «የውጭ ነው፤ እዚህ አይገኝም» አሉ። እፍኝ ዘግነን አየነው። ማሽላ መሳይ፣ የሱፍ አበባ፣ ጥቁርና ቀጭን ፍሬ። ጥቁሩ ኑግ ነው። ኢትዮጵያ ኑግ ለወፍ ቀለብ ወደ ውጭ ትልካለች። አሜሪካ የሚገባው እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል።

13. «ሳንባቸው ስስ ነው፤ ጭስ ይገድላቸዋል» ብለው አስጠነቀቁን። የቴፍሎን መጥበሻ ከመጠን በላይ ከጋለ ጢሱ ወፍ እንደሚገድል ነገሩን። እውነት ነው። በዚያው ሰዓት ባለቤታቸው ከጓዳ ቡና እየቆሉ ነበር። እጣኑ ደግሞ ጨሷል። የቁም ሳጥኑ ሽቦ በጭሱ ውስጥ አልታይ አለ። ባጂዎቹ ዝም አሉ። እኛ «ቡናው እንዴት ይሸታል!» አልን።

14. አንዱ ገዢ «እንደ ልጄ ነው የማየው፤ የምበላውን አበላዋለሁ» አለ። በእጁ የአቮካዶ ጁስ ይዟል። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው።

15. ግቢው ውስጥ ዶሮዎችም አሉ። በቀቀኖቹ ስም አላቸው፤ ዶሮዎቹ የላቸውም። በቀቀን ሲታመም የሚሰጠው ግን የዶሮ መድኃኒት ነው። ጎረቤት መጥተው ባጂዎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። «እና ይሄ አይበላም?» ብለው ጠየቁ። አይበላም ተባሉ። «ታዲያ?» አሉ።

16. ቃሊቲ ውስጥ የቆላ ዝንብ የሚራባበት ማዕከል ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመረቀ። ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር እንዲመክኑ ተደርገው ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተወስደው ተለቀዋል። ማዕከሉ ዝንቡን ያራባው ዘሩ እንዲጠፋ ነው። የእኛ ሻጭ «እኔ የማራባው ዘራቸው እንዳይጠፋ ነው» ይላሉ። የሚያራቡት ባጂ አውስትራሊያ ውስጥ በሺዎች እየሆነ በመንጋ ይበራል።

17. መብራት ጠፋ። ገና ላባ ያላወጡት ጫጩቶች የሚሞቁበት አምፖልም ጠፋ። ሻጩ በሀይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ጠቀለሉና አጠገባቸው አኖሩ። ስለ ፍቅር በስልክ ያወሩትን ያህል እዚህ አላወሩም።

18. አንድ አባት ለልጃቸው ወፍ ገዙ። ልጁ «ስትበር ማየት ነው የምፈልገው» አለ። አባት ወደ ሻጩ ዞሩ። «ብታመልጥስ?» ሻጩ መቀስ አነሱ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ክንፏን እቆርጥልሃለሁ። እሱ በነፃ ነው።»